የመቅኔው ናሙና ኬሞቴራፒ ሳይጀመር ይመርመር፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበረው የጤና ሚኒስቴር፣

አጣዳፊ የደም ካንሰር ለያዛቸው ጎልማሶች የሚደረገው የዘረመል ምርመራ በበጀት ሰነድ ላይ «ተጨማሪ» ተብሎ ሲመደብ ማየት ያንገበግበኛል። ማን በኬሞቴራፒ ብቻ ሊድን እንደሚችል፣ ማን የመቅኔ ንቅለ ተከላ እንደሚያስፈልገው የምንለየው በዚህ ምርመራ ነው።

በማይክሮስኮፕ የሁለት ሕሙማን ሴሎች ሊመሳሰሉ ይችላሉ። 8ኛውና 21ኛው ክሮሞሶም ቁራሽ የተለዋወጡበት ሰው በኬሞቴራፒ የመዳን ጥሩ ተስፋ አለው። የቲፒ53 ጂኑ የተበላሸበት ግን በሽታው ለጊዜው ቢጠፋለት እንኳ ብዙውን ጊዜ ያገረሽበታል። ማይሎይድ የተባለው ዓይነት ካለባቸው ጎልማሶች ግማሽ ያህሉ ደግሞ ክሮሞሶማቸው ሲታይ ጤናማ ይመስላል፤ ኤፍኤልቲ3 እና ኤንፒኤም1 የተባሉት ጂኖች ካልታዩ ስለ እነርሱ የምንናገረው ግምት ብቻ ይሆናል።

ክፉ ምልክት ሁሉ ክፉ ሆኖ አይቀርም። አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ጃኔት ራውሊ እ.ኤ.አ. በ1973 የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞሶም ልውውጥ ውጤት መሆኑን ያሳየችው የፊላደልፊያ ክሮሞሶም፣ ሊምፎብላስቲክ የተባለው ሌላው አጣዳፊ የደም ካንሰር ዓይነት ካለባቸው ጎልማሶች በሩብ ያህሉ ላይ ይገኛል። ቀድሞ ሐኪም የሚያስደነግጥ ውጤት ነበር፤ ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒትና ተከታዮቹ ከመጡ ወዲህ ግን የሕሙማኑ ዕድሜ በእጅጉ ረዝሟል። መድኃኒቱን ለማዘዝ ታዲያ ክሮሞሶሙ መኖሩ መታወቅ አለበት!

ከማይሎይዱ ካንሰር አንዱ የሆነው የፕሮማይሎሳይት ዓይነት ከሁሉ ይቸኩላል። 15ኛውና 17ኛው ክሮሞሶም የተለዋወጡበት ሰው በደም መፍሰስ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ትሬቲኖይንና አርሰኒክ ትራይኦክሳይድ የተባሉት መድኃኒቶች በጊዜ ከደረሱለት፣ በተለይ የነጭ ደም ሴሉ ብዛት ከፍ ያላለ ከሆነ፣ ከ10 ሰዎች 9ኙ ይድናሉ። ትሬቲኖይን በጥርጣሬ ብቻ፣ በዚያው ቀን ይጀመራል፤ የዘረመል ውጤቱ ኋላ ይደርሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሐኪሙ ባለበት ሆስፒታል አስቀድሞ መቀመጥ አለበት። ግዥ ተጠይቆ እስኪፈቀድ የሚጠብቅ በሽታ አይደለም።

ናሙናውም ጥንቃቄ ይሻል። የክሮሞሶም ምርመራ በሕይወት ያሉ ሴሎችን ይፈልጋል፦ መቅኔው ሄፓሪን (እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ባለበት ቱቦ ይቀዳል፣ ሳይውል ሳያድር ላቦራቶሪ ይደርሳል፣ እዚያ ሴሎቹ እንዲያድጉ ይደረጋል፤ ከዚያ ባለሙያው በመከፋፈል ላይ ያሉ 20 ያህል ሴሎችን አንድ በአንድ ይመረምራል። ኬሞቴራፒው ከጀመረ በኋላ የተቀዳ ናሙና ይህን ዕድል ያበላሻል፤ ያመለጠው መረጃም ተመልሶ አይገኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው፦ የመጀመሪያው ናሙና የዘረመል ምርመራ ወጪ ከሕክምናው ጋር በመንግሥት ይሸፈን፤ የናሙና ማጓጓዣ ሥርዓት ይዘርጋ፤ ትሬቲኖይን በድንገተኛ መድኃኒቶች ዝርዝር ይግባ። ውሳኔያችሁንም በጽሑፍ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደም ሕክምና ባለሙያ