ይድረስ ለአዘጋጁ፦ የደሴው ኮንሰርት የዘገየው በመብራት አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ስለ ደሴው የፒያኖ ዝግጅት የጻፋችሁትን አነበብኩ፣ አመሰግናለሁ። «በመብራት መጥፋት ምክንያት ዘግይቶ ተጀመረ» ያላችሁት ግን ልክ አይደለም። የተጫወትኩት እኔ ነኝ። መብራቱ የጠፋው ከጀመርን በኋላ ነው። ያዘገየን ፒያኖው ነበር።

ጠዋት ከኮምቦልቻ ስንነሳ ሞቅ ያለ ነበር። ሀረጎ ዳገት ላይ ጉም ዋጠን፣ ሹፌሩ በዝግታ እየተጠማዘዘ ደሴ ሲያደርሰኝ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ቡና ጠጣሁ፣ ስኒውን ይዤ እጄን አሞቅኩ። አዳራሹ ስገባ ደግሞ የፒያኖው ክዳን ተቆልፏል፣ መክፈቻው ማን ጋ እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንዱ ወደ ሌላው ይደውላል፣ እሱም ወደ ሌላ። የጥበቃው አባት ብቻ «አብሽሪ ልጄ፣ ይገኛል» ይሉኛል። እውነትም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአንድ አሮጌ መሳቢያ ፈልገው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። አላህ ይስጥልኝ።

ሲከፈት ልቤ ወረደ። ፒያኖ 88 ቁልፍና ከ200 በላይ ክር አለው። አብዛኛው ድምፅ አንድ መዶሻ ከሚመታቸው ሦስት ክሮች ስለሚወጣ፣ አንዷ ብቻ ብትላላ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ያ ፒያኖ ደግሞ መስኮት ስር ነው የቆመው። በበጋ ፀሐይ፣ በክረምት እርጥበት። እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ክሩ ከቅኝቱ ይወጣል፣ ቁልፉ ይጣበቃል። መሃል ያለችው ሚ የምትባለዋ ድምፅ ቁልፍ አንዴ ስጫናት እዚያው ቀረች።

አዘጋጆቹ ሮጠው ኪቦርድ አመጡልኝ። ደጎች ናቸው፣ ግን እምቢ አልኩ። በላሉት ክሮች መሃል የታጠፈ ጨርቅ እየወተፍኩ ዝም አሰኘኋቸው። ፕሮግራሙንም ቀየርኩ። ሜጀር ባቲ የሚባለውን የዜማ ቅኝት ከዶ ተነስቼ ብጫወት ድምፆቹ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ናቸው፤ ሚ የግድ ታስፈልጋለች። ከሬ ከተነሳሁ ግን ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ ይሆናል፣ ሚ የለችበትም። ባቲን ወደ ሬ አሻገርኩት። ለ11 ሰዓት የተጠራው ሰው 50 ደቂቃ ብርድ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ከልቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መብራቱ የሄደው ሦስተኛው ዜማ ላይ ነው። ኪቦርዱ ቢሆን እዚያው ዝም ይል ነበር። ፒያኖ ግን ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ቀጠልኩ። ከፊት ወንበር አንድ ሰው የስልኩን መብራት አበራልኝ፣ ከዚያ ጎረቤቱ፣ ከዚያ አዳራሹ ሙሉ። አምባሰል ስጀምር ከኋላ አንዲት እናት ቀስ ብለው ማንጎራጎር ጀመሩ፣ እኔም ድምፄን ቀንሼ እሳቸውን ተከተልኩ። ብዙ ከተማ ተጫውቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። አምባሰልም ባቲም የወሎ አገር ስሞች ናቸው እኮ! ለዚህ ሕዝብ የተቀመጠ ፒያኖ እንዲህ መጣሉ ያንገበግበኛል።

ስንጨርስ አንድ ክራር የሚጫወት ልጅ መጥቶ የፒያኖውን ሆድ አየ። ጥቂት ቁልፎች ነካሁለት። የትኛዋ ክር እንደላላች ወዲያው በጣቱ አሳየኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፒያኖው ከመስኮቱ ይራቅ፣ ወፍራም ልብስ ይልበስ። በዓመት ሁለቴ ይቃኝ። ለዚህም በየጊዜው ከአዲስ አበባ ባለሙያ 400 ኪሎ ሜትር ከማመላለስ እንደዚያ ልጅ ጆሮ ያላቸው ሁለት የደሴ ወጣቶች ሙያውን ቢማሩ ይሻላል፣ የሚያስተምራቸውን ሰው እኔ ፈልጌ አገናኛለሁ። መክፈቻውም በስሙ ፈርሞ የሚይዘው አንድ ሰው ይኑረው።

ጥር ላይ እመለሳለሁ። የተበላሹትን ክሮች ቁጥር ጽፌ ይዣለሁ፣ አዲሶቹን በራሴ ገዝቼ አመጣለሁ። አዳራሹን የምታስተዳድሩ ይህን ካነበባችሁ፣ ከኮንሰርቱ ሁለት ቀን ቀድሜ እንድገባ ብቻ ፍቀዱልኝ።

ፒያኖ ተጫዋቿ