እማዬ፣ ጠብታውን አትርሺ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሹ ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ አለ። ፎቅ ቤት ጣሪያ ከየት ይምጣ? አልቅሶ ተኛ። ትልቋ ሒሳብ ላይ ሰነፍ ብላለች፤ እሱን ሌላ ጊዜ አወራሻለሁ።

ጠብታውን በየማታው ታደርጊያለሽ? እህቴ “አንዳንዴ ትረሳዋለች” አለችኝ። ግላኮማ ከዓይንሽ የወሰደውን አይመልስም፤ ጠብታው የሚጠብቀው የቀረውን ነው። ካደረግሽ በኋላ ዓይንሽን ጨፍነሽ በአፍንጫሽ በኩል ያለውን ጥግ በጣትሽ ያዝ አድርጊው። አለዚያ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል።

ደግሞ እንግዳ ሲመጣ “መነጽሬ ጠፋብኝ” ትያለሽ አሉ። እኔን እንኳን አትሸውጂኝም።

ያ ዊንዶውስ አልሸከም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ትዝ ይልሻል? በዊንዶውስ ፈንታ ደቢያን የሚባል ሲስተም ጫንኩበት። ስክሪኑን ያየልኝ ሰው የለም። መጫኛው ሲነሳ ጢጥ ይላል፤ ያኔ የኤስን ቁልፍ ከዚያ ኢንተርን ስትነኪ መናገር ይጀምራል። ጭነቱ አልቆ የቀረውን በእጄ ሳዋቅር ግን ጸጥ አለ። ሌላ ሰው ስህተቱን ስክሪን ላይ ያያል፤ እኔ የምሰማው በዚያው በጠፋው ድምፅ ነው። ስክሪኑን የሚያነበው ኦርካ አለ፣ አፍ የሚሆነው ኢስፒክ አለ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ስፒች ዲስፓቸርም አለ። ለካ ድምፁ ተዘግቶ ኖሯል! ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቼ ትእዛዙን በደመ ነፍስ ጻፍኩና ተናገረ።

ኢስፒክ አማርኛም ይሞክራል። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ያምታታል። ፊደላችን ምልክት ስለማያደርግበት አልፈርድበትም። ትስቂበታለሽ። ግን አንቺ ታይፕ ስትመቺ ጣትሽን መቼ አይተሽ ታውቂያለሽ? የፊደሉ አቀማመጥ ይለያል እንጂ አያቅትሽም።

ከአዳሪ ትምህርት ቤት በብሬል የላክሁልሽ ደብዳቤዎች አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው? አንድ ክረምት ስመጣ ከነጠላሽ ሥር አገኘኋቸው። ነጥቦቹ ተጨፍልቀው ነበር። “ምን ይላል? አንብቢልኝ” ብለሽኝ አታውቂም። ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ስትመቺ እየዋልሽ ለእኔ አንድ ገጽ አልመታሽልኝም። አስተማሪዎቹ እኮ ያነቡልን ነበር። ለጓደኞቼ ሲነበብላቸው እሰማለሁ። ሥራ በዝቶባት ነው እል ነበር፤ አሁን ፈርተሽ ይመስለኛል። ምኑን እንደፈራሽ ግን ከአንቺ አፍ ብሰማ እወዳለሁ።

ይህን የምታነብልሽ እህቴ ስለሆነች ከዚህ በላይ አልልም። ላፕቶፑን ለፋሲካ ይዤልሽ እመጣለሁ። ከዚያ በኋላ የምጽፍልሽን ራስሽ ትሰሚዋለሽ።

የማክሰኞው ቀጠሮ ላይ ብቻሽን እንዳትሄጂ። የክሊኒኩ ደረጃ መደገፊያ የለውም። ሐኪሙ የሚልሽንም ሳትቀንሺ ንገሪኝ።

ልጅሽ