አባባ፣ ለገና ኮሎኝ ይምጡ

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው «እዚያ መጥቼ ከብርድ ሌላ ምን አያለሁ?» ብለውኝ ነበር። ስልክ ላይ ቶሎ ስለሚሰለቹ መልሱን ጻፍኩልዎ።

ኮሎኝን እኮ ከኔ በፊት ያውቋታል። ምሽት ላይ ሬዲዮኑን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው የሚሰሙት የጀርመን ድምፅ በ1965 አማርኛ ሲጀምር ከዚህ ከተማ ነበር የሚያስተላልፈው (ዓመቶቹን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2003 ግን ጣቢያው ወደ ቦን ስለሄደ እሱን አላሳይዎትም።

የማሳይዎት ካቴድራሉን ነው። ዶም ይሉታል። ከባቡር ጣቢያው ሲወጡ ከፊትዎ ድቅን ይላል። ቁመቱ 157 ሜትር ነው። ወደ ደቡቡ ግንብ የሚያወጡ 533 ደረጃዎች አሉ፤ ሊፍት የለውም። እሱን ይርሱት፣ ጉልበትዎን አውቀዋለሁ። ከላይ የሚታየው ጣሪያና የራይን ወንዝ ነው። ዋናው ነገር ያለው ታች ነው።

ከመንበሩ ጀርባ በወርቅና በብር የተሠራ ትልቅ ሣጥን አለ። ውስጡ የሰብአ ሰገል አጽም እንዳለ ይታመናል። አዎ፣ ለጌታ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ያመጡለት። «ማን አይቶ?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልከራከርዎትም። አመጣጡ ግን እንዲህ ነው። ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪክ ባርባሮሳ ሚላኖን በጦር ያዘ። የኮሎኝ ሊቀ ጳጳስ ራይናልድ ደግሞ በ1164 አጽሙን ከዚያ አንስቶ እዚህ አመጣው። በግልጽ አማርኛ ምርኮ ነው። የመቅደላ ነገር ሲነሳ እንዴት እንደሚንገበገቡ ስለማውቅ፣ እዚህም አንድ ነገር ሳይሉ አያልፉም። ቀስ ብለው ብቻ ይናገሩ፤ አማርኛ የሚሰማ ሰው አይጠፋም።

ከዚያ ወዲህ ተሳላሚ ከየአገሩ ጎረፈ። የነበረው ቤተ ክርስቲያን ጠበበ። በ1248 ይህን ጀመሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገንዘቡም ፍላጎቱም አለቀና ሥራው ቆመ። ግማሽ ላይ በቀረው ግንብ ክሬኑ እንደተገተረ ስንት ትውልድ አለፈ! የተጠናቀቀው በ1880 ነው፤ ከ632 ዓመት በኋላ። እርስዎ የአጥሩ ግንበኛ ሁለት ሳምንት ዘገየ ብለው ስንት ተቆጡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 14 ቦምብ ወድቆበት፣ ዙሪያው ፍርስራሽ ሲሆን እሱ አልወደቀም። ዛሬም ጥገናው አያልቅም፤ የከተማው ሰው «ዶም ያለቀ ዕለት ዓለም ያልፋል» እያለ ይቀልዳል።

ለገና ይምጡ የምልዎት በምክንያት ነው። እዚህ የሰብአ ሰገል በዓል ጃንዋሪ 6 ይከበራል፤ የኛ የገና ዋዜማ ማለት ነው። በዚያን ቀን የሣጥኑ የፊት መዝጊያ ይነሳና ዘውድ የደፉት የራስ ቅሎች ከፍርግርጉ ኋላ ይታያሉ። በእነዚያ ሰሞን ሕፃናትም ዘውድ ደፍተው፣ ኮከብ ይዘው እየዘመሩ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ለችግረኛ ልጆች ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ በሩ ላይም በጠመኔ የቡራኬ ፊደላት ይጽፋሉ። ቀን ይህን አይተን፣ ማታ እዚሁ ከተማ ወዳለው ወደ ራሳችን ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ እንሄዳለን። እንዲህ ያለ ቀን ሌላ ከተማ ላይ የት ይገኛል?

የቸኮሌት ሙዚየሙ ከጾሙ በኋላ ይደርሳል። ከሚፈስ ቸኮሌት ላይ ነክረው ያቀምሱዎታል። የባቡሩን ድልድይ ግን በሩቁ ካዩት ይበቃል። ፍቅረኞች ጓጉንቸር ቆልፈውበት ቁልፉን ወንዝ ውስጥ ይወረውራሉ። ፎቶ ለሚወድ ሰው ነው እንጂ እርስዎን የሚያስደስት አይመስለኝም።

ይልቅ ቢራ ቤት እንቀመጣለን። ኮልሽ የሚሉት የከተማው ቢራ በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚቀርበው። ሲጨርሱ ሳያዙ ሌላ ይመጣል። «በቃኝ» ለማለት ከብርጭቆው ሥር ያለችውን ካርቶን አንስተው መክደን ነው። እንደኛ «በሞቴ» የሚል ባይኖርም ዝም ካሉ አያቆሙም።

የቪዛ ቀጠሮ ቶሎ ስለማይገኝ ፓስፖርትዎን ከአሁኑ ያሳድሱ። የግብዣውን ወረቀት እኔ እልካለሁ። በርበሬ አይሸከሙ፣ እዚህ ይገኛል። ጋቢዎን ግን እንዳይረሱ።

ልጅዎ