ስለ ቀይዋ ኤምጂቢ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ቀይዋን ክፍት መኪና ለሽያጭ ካወጣናት ወዲህ ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። ታክሲያችሁን ለሰርቪስ ስታመጡም ዞር ዞር ብላችሁ አይታችኋታል። ጥያቄያችሁ አንድ ነው፦ «ይቺው መኪና ሌላ ቦታ በግማሽ ዋጋ ትገኛለች። እናንተ ጋ ለምን 17,500 ፓውንድ ሆነች?» ተገቢ ጥያቄ ነው። በስልክ ተነግሮ ስለማያልቅ ጽፈን ልናስረዳችሁ ወደድን።

መኪናዋ ኤምጂቢ ሮድስተር ትባላለች፤ የ1972 ምርት ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሞዴሉ እዚሁ እንግሊዝ አቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ተሠርቷል። ጣሪያ ያለውን ጂቲ ጨምሮ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። ሞተሯ 1,798 ሲሲ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ካርቡራተር። በጉልበት የዛሬ ተራ የቤት መኪና ይበልጣታል። ግን ቁጭ የሚባለው ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። ጣሪያው ታጥፎ ንፋሱ ፊት ላይ ሲመጣ ሃምሳ ማይል ሰማንያ ይመስላል። ደስታዋ እሱ ነው።

ዋጋውን ያመጣው ሞተሩ አይደለም፤ ላሜራው ነው። ይቺ መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። የሚሸከማት ቦዲው ራሱ ነው። ጣሪያ ስለሌላት ደግሞ ፊቷንና ኋላዋን አያይዞ የያዘው ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ነው። እዚህ አገር ክረምት ላይ መንገዱ ጨው ይበተንበታል። ጨውና ውሃ ሳጥኑ ውስጥ ይገባና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ደህና የመሰለው ላሜራ በጣት ሲጫኑት ይደረመሳል።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ምንድን ነው? የበሰበሰው ሳይነሳ አዲስ ላሜራ ይለበጥበታል። ስቱኮ ይሞላል፣ ይቀባል፣ ያብረቀርቃል። ውስጡን ለቄስ። ይቺም ወደ እኛ ስትመጣ እንደዚያው ነበረች። ክሪክ አስገብተን ስናነሳት የሾፌሩ በር አልከፈት አለ። ወገቧ ጎብጦ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የበሮቹን ክፍተት በብረት ደገፍን። ድጋፍ ሳይኖር የበሰበሰው ከተቆረጠ ቦዲው ይጣመማል፤ ከዚያ በኋላ በሩ በወጉ አይገጥምም። ቀጥለን ሳጥኑን በሁለቱም ጎን እስከ ውስጠኛው ላሜራ ቆርጠን አወጣንና አዲስ በየድን። ውስጡን ፀረ ዝገት ሰም ረጨን። አራት ወር ፈጀብን። ከተቀባ በኋላ የማይታየው ይህ ሥራ ነው፤ የምትከፍሉትም ለእሱ ነው። በየደረጃው ያነሳናቸው ፎቶዎች ከመኪናዋ ጋር ይሰጣሉ።

ሞተሩም ተከፍቷል። ዱሮ የተሠራው እርሳስ ላለበት ቤንዚን ነበር፤ እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫውን ይጠብቅለት ነበር። ያ ቤንዚን በ2000 ከብሪታንያ ማደያዎች ስለወጣ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አውርደን ጠንካራ መቀመጫ አስገጠምን። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎችም ቀይረናል። ቢሆንም ኢ10፣ ማለትም እስከ አሥር በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን፣ አትቅዱላት፤ ኢታኖሉ እስከ አምስት በመቶ የሆነውን ሱፐሩን ኢ5 ቅዱላት። የፊት እግሯ ደግሞ በየ3,000 ማይሉ ግራሶ ይፈልጋል። ይህን የሚረሳ ሰው ባይገዛት እንመርጣለን።

ያልነካነውንም እንንገራችሁ። ካምቢዮው አልተከፈተም፤ ማርሾቹ ደህና ስለሚገቡ ተውነው። የወንበሮቹ ልብስ የጥንቱ ነው፣ ተሰነጣጥቋል። ልንቀይረው አስበን ነበር። ግን ሃምሳ ዓመት ሰው የተቀመጠበት ነውና አሳዘነን።

አርባ ዓመት ስላለፋት በታሪካዊ መኪናነት ተመዝግባለች። የመንገድ ግብር አትከፍልም፤ ለግል እስከነዳችኋት ድረስ አየር በካይ መኪኖች የሚከፍሉት የለንደን ዩሌዝም አይመለከታትም። ኤምኦቲ የሚባለው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራም ግዴታ አይደለም። እኛ ግን ወስደን አስፈትሸናታል፣ አልፋለች። ፍሬን ላይ «ግዴታ አይደለም» ብሎ ነገር የለም።

«አዲስ አበባ ብልካትስ?» ያላችሁም አላችሁ። ከ2024 ወዲህ ኢትዮጵያ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች፤ መሪዋም በቀኝ ነው። ለዚያ ብላችሁ አትግዙ።

ባለፈው በጋ እስከ አቢንግደን ድረስ ነዳናት፤ የተወለደችበትን ከተማ እንድታይ ብለን። በሙቀቱም በትራፊኩም ውስጥ የሙቀት መርፌዋ ከመሐል አልነቃነቅ አለ። ስንመለስ በሮቿን ከፍተን ዘጋናቸው። ጠቅ ብለው ገጠሙ።

ማየት ለምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት ክፍት ነን። ማግኔት ይዛችሁ ኑ። ከበሮቹ ሥር አስጠጉት፤ ላሜራ ከሆነ ይይዛል፣ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። ከፈለጋችሁ በክሪክ እናነሳትና በሮቹን ራሳችሁ ትሞክራላችሁ። ሌላ ቦታ ያያችኋትንም ከመግዛታችሁ በፊት እንዲሁ አድርጉባት። ከእኛ ባትገዙም መጥተን እናይላችኋለን፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋራዡ ባልደረቦች
ለንደን