60 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ጉዳዩ፦ የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርትን ይመለከታል

በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በአንድ ክፍል 60 ተማሪዎች አሉኝ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም መጥራቱንና ሰሌዳ መጥረጉን ትቼ ሙሉውን ለንግግር ባውለው እንኳ ለአንዱ ተማሪ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ሰው ጉሮሮውን ይጠርግ ይሆናል እንጂ ቋንቋ አይለምድም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል አስጀምሯል። እኔ ዘንድ የሚደርሱት ስምንት ዓመት ተምረው ነው። የሰዋስው ጥያቄ ስጧቸው፣ ትክክለኛውን ፊደል ያከብባሉ። ትናንት የት እንደዋሉ በእንግሊዝኛ ብትጠይቋቸው ግን አንገታቸውን ይደፋሉ።

ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። አንዱ ሁለት ደቂቃ ይናገራል፤ ሌላው ሲያዳምጥ ቆይቶ ምን እንደገባውና የት ላይ እንደጠፋበት ብቻ ይነግረዋል፤ ከፈለገም በአፍ መፍቻ ቋንቋው። መጀመሪያ ፌዝ ሆነ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ በይሉኝታ «ጎበዝ» እያለ ተገላገለ። ፊታቸው ቆሜ፣ ሆን ብዬ እየተሳሳትኩ፣ አንድ ተማሪ እንዲያርመኝ ማድረግ ነበረብኝ። መምህር ሲታረም ማየታቸው ሳቁን አበረደው።

አንድ ቀን ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ «ዬስተርዴይ አይ ጎ ቱ ማርኬት» አለች። ጓደኛዋ አላረመቻትም፤ ግራ ተጋብታ «ትናንት ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ ነው የምትሄጂው?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና «ዌንት» አለች። እኔ ያንኑ ስህተት ደብተሯ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ስንት ጊዜ እንዳረምኩት አላስታውስም።

የጓደኛ ጆሮ ሁሉንም አይሰማም፤ ሁለቱም የማያውቁትን ስህተት ተያይዘው ያልፉታል። እሱን እየዞርኩ እለቅምና በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሰሌዳ ላይ አወጣዋለሁ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እጅ እንጂ ምላስ አይፈልግም፤ ተማሪውም ወላጁም ንግግርን እንደ ጨዋታ የሚያዩት ለዚህ ነው። ፈተናውን በአንድ ጀምበር ለውጡ አልልም። ነገር ግን ከተከታታይ ምዘናው ላይ ለንግግር ነጥብ ይቆረጥለት። ነጥቡን መምህሩ ይስጥ፤ ተማሪ ለተማሪ ማርክ ይስጥ ከተባለ ይሉኝታውም ቂሙም ተከትሎ ይገባል። በመምህሩ መምሪያም አድማጩ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች በየአካባቢው ቋንቋ አንድ ገጽ ይሰጣቸው።

ቅጽ ግን እባካችሁ አታዘጋጁለት። ተማሪዎችን በትንንሽ ቡድን ያደራጀው «አንድ ለአምስት»ም አብሮ ማጥናት ተብሎ ተጀምሮ በብዙ ቦታ ሪፖርት መሙላት ሆኖ ቀርቷል።

30 ሰው በአንድ ጊዜ ሲያወራ ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይህንንም አውቃለሁ። ለሱፐርቪዥን የሚመጣው ባለሙያ «ክፍሉ ጸጥታ የለውም» ብሎ ከመመዝገቡ በፊት ወደ ኋላው ዴስክ ጠጋ ብሎ እንዲያዳምጥ ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር