ለመክፈል ደንበኛ፣ ለመጠየቅ ባዳ

ለከተማችን የውሃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ አምስተኛው ደብዳቤዬ ነው። አራቱ መዝገብ ቤት ገብተዋል። ማህተም ያረፈባቸው ቅጂዎች እኔ ጋ አሉ። መልስ ግን የለም። ስለዚህ አምስተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ ጻፍኩት፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር አንድ ቀን እርስዎ ጋ ይደርስ ይሆናል። የከተማዋን ስም አልጠራም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ናት፣ ብርድ አላት፣ ውሃ አልፎ አልፎ አላት። እንዲህ ያለ ከተማ ብዙ ስለሆነ አይታወቅብዎትም።

ልብስ አጥባለሁ። ሁለት ማሽን፣ አንድ ካውያ፣ አንዲት ረዳት አለኝ። እኛ አገር ልብስ ማጠብ ማለት በአብዛኛው ጋቢና ብርድ ልብስ ማጠብ ማለት ነው። አንዳንዴ የመንዝ ባና ይመጣል። ባና ማሽን አላስገባም። ሙቅ ውሃ ካገኘው ይኮማተራል። በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ ታጥቦ፣ ለሁለት ተይዞ ነው የሚጨመቀው።

ሳሙናው የገበያ ነው። መብራቱ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ይጨምራል፤ ቢመረኝም አስቀድሞ ስለተነገረኝ ዋጋዬን አስተካክላለሁ። ኪራዩ በአከራዬ እጅ ነው። ለመኖሪያ ቤት ተከራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቶለታል። እኔ የንግድ ቤት ተከራይ ነኝ፣ አዋጁ በደጄ አልፎ ሄዷል። ይሁን፣ ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። የእርስዎ የውሃው ነው።

ቆጣሪ አንባቢያችሁ ከሐምሌ 2017 በኋላ ጠፋ። ነሐሴም፣ መስከረምም፣ ጥቅምትም አልመጣም። ቢሉ ግን በየወሩ ይመጣል፤ የቆጣሪ ኪራይ ብቻ ተጽፎበት። ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። እኔ ታሪፋችሁ እርከን እንዳለው አውቃለሁ። ቢሮ ሄጄ «ቢሌ አንሷል፣ ሰው ላኩልኝ» አልኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ሳቀች። «ሰው በዛብኝ ብሎ ነው የሚመጣው። አንቺን ምን አስጨነቀሽ?»

ያስጨነቀኝ ኅዳር ላይ መጣ። አንባቢው የአራት ወሩን 152 ሜትር ኩብ በአንድ ወር ጻፈው። እርከኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ብዙ የተጠቀመ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የበለጠ ይከፍላል። በወር 38 ሜትር ኩብ የምጠቀም ሴትዮ በአንድ ጊዜ ፋብሪካ ሆንኩ። 9,460 ብር። በራሳችሁ ታሪፍ ወር በወር ሳሰላው 5,800 ነው። ልዩነቱ 3,660 ብር። አንድ ጋቢ የማጥበው በ120 ብር ነው። ሠላሳ ጋቢ በነጻ አጠብኩላችሁ ማለት ነው። ሳሙናውም ከኔ።

አቤት ልል ሄድኩ። «ቆጣሪው በማን ስም ነው?» ተባልኩ። በአከራዬ። «እንግዲያው ደንበኛችን አንቺ አይደለሽም። ባለቤቱ ራሳቸው ይምጡ፣ ካልሆነም ውክልና ይዘሽ ነይ።» ክቡር ሆይ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስከፍል አንድም ቀን ስሜን የጠየቀኝ የለም። ብሩን የሚቀበለው መስኮት ስም አይጠይቅም። ስም የሚጠይቀው የቅሬታው ክፍል ብቻ ነው፤ እሱም በሩ ክፍት የሆነ ቀን። ኮሪደሩ ላይ የለጠፋችሁት የዜጎች ቻርተር ቅሬታ በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ ይናገራል። ወረፋ ስጠብቅ ስለማነበው በቃሌ ይዤዋለሁ።

አከራዬ የሚኖሩት አዲስ አበባ ነው። ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ለውሃው ጉዳይ ውክልና ይስጡኝ» አልኳቸው። ዝም አሉ። «ውክልና? ቤቴን ልትሸጪው ነው እንዴ?» አሉኝ። እሱን አስረድቼ ሳልጨርስ ደግሞ «ሥራው እንዴት ነው? ይሄ ሁሉ ውሃ ከሆነማ ገበያው ደርቷል ማለት ነው» አሉ። ስለ ውሃ ደውዬ ስለ ኪራይ ተነጋግረን ዘጋን። ከ8 ሺህ 11 ሺህ ገባ። ይህንንም የእናንተ ቢል ላይ ደምሩልኝ።

ጥር 8 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቢሉ አልተከፈለም ብሎ ውሃ ሊቆርጥ ሠራተኛችሁ እንግሊዝ ቁልፉን ይዞ መጣ። ጥምቀት ሊገባ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ቤት ውስጥ 21 ጋቢ አለ፤ ስምንቱ ማሽን ውስጥ አረፋ ውስጥ ናቸው። «እስኪለቀለቁ ጠብቀኝ» ብዬ ለመንኩት። ልጁ ጨዋ ነው፣ አልፈርድበትም። «እኔ ታዝዤ ነው እትዬ» አለና ዘጋው።

በዚያው ቀን ተበድሬ 9,460ውን ከፈልኩ። የማስቀጠያም ከፈልኩ። «የሚያስቀጥለው ሠራተኛ ረቡዕ ይመጣል» ተባልኩ። ቅዳሜና እሑድ ሥራ የለም፣ ሰኞ ጥምቀት፣ ማክሰኞ ቃና ዘገሊላ። ለመቁረጥ ዓርብ ሰው ነበር። ለመቀጠል ግን በዓል ነው።

የጋሪ ውሃ ገዛን። ማሽኑ ከቧንቧ ውሃ ሲያጣ ይጮኽና ይቆማል። በሳሙናው መሳቢያ በኩል በጆግ ብናፈስለትም አልተታለለም። አውጥተን በሳፋ አለቀለቅነው። ጥር ላይ እዚህ አመዳይ ይወርዳል። ማታ ገመድ ላይ የቀረ ጋቢ ጠዋት እንደ ሳንቃ ይቆማል። የረዳቴ ጣቶች ተሰነጣጥቀው ካውያ መያዝ አቃታት። እናቶች ለጥምቀት ጋቢያቸውን ሊወስዱ መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። አንዷ «ነገም ካልደረሰ እርጥቡን ስጪኝ፣ ታቦቱን ለብሼው ስሸኝ ይደርቃል» አሉኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ያንን ቢል ለአራት ወር ከፋፍላችሁ አስሉት። እና የኪራይ ውልና የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ የመጣን ሰው አቤቱታ ተቀበሉ። ለሁለቱም አዲስ መመሪያ አያስፈልግም፣ እርስዎም ያውቁታል።

አንድ ነገር ረስቼ። ከ21ዱ ጋቢዎች አንዱ የእርስዎ ነበር። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው። ያመጣው ሹፌርዎ ነው፣ ደረሰኙም የተቆረጠው በእሱ ስም ነው። እሑድ ማታ ሊወስድ ሲመጣ ጫፉ ገና እርጥብ ነበር፣ በካውያ አደረቅንለት። 120 ብሩን ከፍሎ ወሰደ። ውክልና አልጠየቅኩትም።