ለደጋ ጓሮ የደጋ ምክር ይሰጠን

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ወር በግብርና ገጻችሁ ስለ ጓሮ አትክልት ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብኩት። ገጠር ቁራሽ መሬት ያለው ሰው ለወጡ የሚሆነውን ከደጁ ይቁረጥ ማለታችሁን ከልቤ እደግፋለሁ። ጽሑፉ ግን ጀማሪ በቲማቲም፣ በቃሪያና በቀይ ሽንኩርት ይነሣ ይላል። ይህ ሞቃት በሆነው ስምጥ ሸለቆ ላሉት ለመቂና ለባቱ ሰዎች ልክ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ከባሶና ወራና ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆኜ። እዚህ በኅዳር ማለዳ በር ሲከፈት ሣሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። በደጋ የሚኖር ጀማሪ ያንን ምክር ይዞ ቢነሣ በመጀመሪያው ዓመት ተስፋ ቆርጦ መሬቱን መልሶ ለገብስ ይሰጠዋል።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት አዲስ አበባ በሆቴል ወጥ ቤት ነው። ጡረታ ስወጣ ወደ አባቴ መሬት ተመለስኩ። አትክልት በኩንታል ሲገባና ሲከተፍ ስንት ዓመት አየሁ፤ ከመሬት ሲወጣ በቅርብ ማየት የጀመርኩት ግን እዚህ ነው። ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። የቲማቲም ችግኝ ላፈላ ነው ስላቸው፣ «ተይው ልጄ፣ የቆላውን ለቆላ ተይለት፤ ውርጩ አንድ ሌሊት ይበቃዋል» አሉኝ። ቲማቲም በአገራችን ደህና የሚሆነው ከ700 እስከ 2,000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ ሌሊቱ ይበርድበታል፤ አበባው ይረግፋል፣ ፍሬውም ቢይዝ ሳይቀላ ይቀራል።

ውርጭ ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣም። ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥና ጥር ድረስ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው የሚወርደው። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርድና እዚያ ይተኛል። ብዙ ሰው ውሃ ይቀርበኛል ብሎ ጓሮውን ወንዝ ዳር ያወርደዋል፤ ውርጩም የሚተኛው እዚያው ነው። ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያገኘው፣ ለቤቱም የሚቀርበው ቦታ ይሻላል። ውሃ በጄሪካን መሸከም ይቻላል፤ ውርጭን ግን ማንም ተሸክሞ አያነሣውም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያመሽ ችግኙን በገለባ ወይም በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖ ጠዋት ማንሣትም ይረዳል።

ብርዱን የሚችሉት የታወቁ ናቸው፦ የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ቆስጣ። ድንች ቅጠሉን ውርጭ ስለሚያቃጥለው ጥቅምት ሳይጠና ተቆፍሮ እንዲወጣ አድርጎ መትከል ነው። ከሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ዝርያዎች ለደጋ ይሆናሉ።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። የእኛ አገር ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ አቁሮ ሥሩን ያፍነዋል፤ በጋ ላይ ደግሞ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ሜዳ ላይ አይዘራም። አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ሠርቶ በመካከሉ ውሃ የሚወርድበት ቦይ መተው ያስፈልጋል። አንድ ሜትር የምለው ከግራም ከቀኝም እጅ እንዲደርስ ነው፤ መደብ ላይ እግር ከገባ ዋልካው ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ በኋላ ካሮት ቀጥ ብሎ አይወርድም። ለጀማሪ ሁለት መደብ ይበቃል። ቤተሰቡን ጎመን የሚያበላው ስፋቱ አይደለም፤ ፍጉ ነው።

ፍጉን ካነሣን እውነቱን እንነጋገር። በአካባቢያችን እንጨት ስለሌለ የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ የተረፈውም ገበያ ይወጣል። «ፍግ ጨምሩ» ማለት ለእኛ «ማገዶአችሁን ቅበሩ» እንደማለት ነው፤ ማንም እናት ይህን እሺ አትልም። እኔ ያገኘሁት መውጫ ለኩበት የማይሆነውን መሰብሰብ ነው፤ ከብቶቹ ሥር በሽንት የራሰውን ገለባ፣ የጠላውን አተላ፣ የድንች ልጣጩን፣ የቤት ጥራጊውን። ይህ ጥላ ሥር ተከምሮ፣ እየተገላበጠና ሲደርቅ ውሃ እየተረጨበት ይበስላል። በእኛ ብርድ ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል። አመድም ይገባበታል፤ ብዙ ከሆነ ግን ያበላሸዋል። የመኖሪያ ቤት ጓሮ ድሮም አፈሩ ጥቁርና ልል የሆነው ጥራጊና አመድ ሲደፋበት ስለኖረ ነው፤ ጀማሪ መደቡን እዚያ ይሥራ የምለውም ለዚህ ነው። ከባሕር ዛፍ ግን ይራቅ። ሥሩ ከግንዱ ብዙ ሜትር ርቆ ሄዶ የመደቡን ውሃ ይጠጣል።

አጥር ሳይኖር ዘር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ችግኝና ዶሮ ከሚያድለን ሰው አፍ ስለ አጥር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ዶሮዋ ግን በአንድ ጠዋት መደቡን ጭራ ትጨርሰዋለች። ለጊዜው እሾህ ይታጠራል፤ ለዘለቄታው ቀጋና ኮሽም ዙሪያውን ይተከላል። ሁለቱም የደጋ ናቸው፣ እሾሃቸውም ፍየል ይመልሳል።

አሁን አጥብቄ ወደምናገረው ልምጣ፤ ዘሩ። ከሁሉ በፊት የአበሻ ጎመን ይቅደም የምለው ዘሩ ከእጃችን ስለማይወጣ ነው። ከታች ከታች ቅጠሉን እየቀነጠቡ ወጥ ይሠራበታል፤ ደህና ያደጉትን ሁለት ሦስት እግር ሳይነኩ ቢተዉአቸው አብበው ያፈራሉ። ዘሩ ለከርሞ ይቀመጣል፣ የተረፈው ምጣድ ያሰሳል። የቀሩትን ግን ከሱቅ ነው የምንገዛው። የጥቅል ጎመንና የካሮት ዘር በአብዛኛው ከውጭ በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣል፤ ቆርቆሮው ለባለ ትልቅ እርሻ የሚሆን ነው። ሁለት መደብ ላላት ሴት ባለ ሱቁ ቆርቆሮውን ከፍቶ በማንኪያ ይሰፍርላታል፣ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀልልላታል። መቼ ተከፈተ? ስንት ክረምት እዚያ መደርደሪያ ላይ አሳለፈ? አይጻፍበትም። የቀይ ሽንኩርት ዘር ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ ጉልበት የለውም። የካሮትም ቶሎ ይደክማል፤ የጎመን ወገን ይሻላል። አምና ከአንድ ሱቅ የገዛሁትን የካሮት ዘር ሳልዘራው እንዲህ ፈተንኩት፦ አሥር ፍሬ ቆጥሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳሕን ላይ አደረግሁና ምድጃው አጠገብ አኖርኩት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ ማታ ማታ ረጨት እያደረግሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለቱ ብቻ አጎነቆሉ። ሌላው ሰው ይህንኑ ዘር ወስዶ ዘርቶ፣ አርሞ፣ ውሃ ተሸክሞ፣ መሬቱ አልሆነልኝም ብሎ ተቀምጧል። ይህ ያሳዝነኛል። መሬቱ ምንም አልሆነ።

ከሁሉ የባሰው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ የደጋ ጓሮ ገንዘብ የሚያገኘው በእሱ ነውና። ጀማሪ ከገበያ አምጥቶ ፍልቃቂውን ይተክላል። ሥሩ ላይ ነጭ ሻጋታ የሚያበቅል በሽታ አለ፤ ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ ሲጎትቱት ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ ይመጣል፣ ራሱም ላይ ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ነጠብጣቦች ተጣብቀው ይታያሉ። እነዚያ ነጠብጣቦች አፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ቢቀመጡ አይሞቱም። ያ መሬት ከዚያ ወዲያ ለነጭም ለቀይ ሽንኩርትም አይሆንም። በሰሜን ሸዋ በዚህ የተነሣ ነጭ ሽንኩርት የተዉ ማሳዎች አሉ። ስለዚህ አፈር የያዘ ወይም ሥሩ የሻገተ ራስ ለተከላ ገበያ ላይ አይገዛ፤ የጎረቤት መቆፈሪያም ሳይታጠብ መደብ ውስጥ አይግባ። ለቤት መብል የተገዛው ታጥቦ ወጥ ውስጥ ይግባ፤ ልጣጩ ወደ ፍጉ ክምር ሳይሆን ወደ እሳት ይሂድ።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። የዘር አስመጪዎችና የእርሻ ግብዓት ሻጮች ለጓሮ የሚሆን በትንሹ የታሸገ፣ የታሸገበት ቀንና ዝርያው በአማርኛ የተጻፈበት ዘር ለምን አያቀርቡልንም? ከቆርቆሮው በግራም ዋጋው ቢበልጥም የሚበቅል ዘር ከሆነ እንገዛዋለን። ጤነኛ የነጭ ሽንኩርት ዘርስ በየወረዳው ለጥቂት ራስ ፈላጊ የሚገኘው እንዴት ነው? ለነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚመለከታቸውን ጠይቃችሁ መልሳቸውን በገጻችሁ ብታወጡልን፣ ከእሱም ጋር ለደጋ ብቻ የተዘጋጀ የመትከያ ወቅት ብታክሉበት ትልቅ ውለታ ነው። ነጭ ሽንኩርት የምንተክለው ሰኔ ሲያልቅ ሐምሌ ሲገባ ስለሆነ መልሱ ግንቦት ሳያልፍ እንዲደርሰን አደራ እላለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ
ከባሶና ወራና፣ ሰሜን ሸዋ